አብራሪዋ እኔ ነበርኩ

ባለፈው ክረምት መውጫ ከቱሉ ዲምቱ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቃሊቲ ሳይደርስ ከፊቱ ነጭ እንፋሎት እየተፋ ቆመ። ሾፌሩ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ኮፈኑን ሲከፍት የፈላ ውሃና የጋለ ብረት ሽታ በመስኮቱ ገባ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። እኔ ግን ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ። ረዳቱ «ማዘር፣ ሌላ መኪና ያዙ እንጂ» እስኪለኝ ድረስ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የቆዳ ቆብ አጥልቄ፣ ለሕዝብ እጄን እያውለበለብኩ ነበር።

ያደግኩት አቃቂ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው አጥር ጀርባ። የእኔ ዘመን ልጆች ታስታውሱ እንደሆነ፣ በፋብሪካው ጡሩምባ ነበር የምንነሳው። ወንዙም ፋብሪካው በዕለቱ የነከረውን ክር ቀለም ይዞ ይወርድ ነበር፤ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ፣ አንዳንዴም ስም የሌለው ቀለም። «ዛሬ ምን ይሆን?» እያልን ተወራርደን ወደ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ነፋሱ የጥጥ ብናኝና የናፍጣ ሽታ ያመጣል። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመሩን የምናሰምረው ከባቡር ሐዲዱ ሥር በለቀምነው ከሰል ነበር። ስንጫወት ስል እኔና ፀዳለ ማለቴ ነው። በአንድ አጥር የምንኖር፣ በአንድ ዴስክ የምንቀመጥ፣ አንድ ዳቦ ለሁለት የምንቆርስ ጓደኛሞች ነበርን። እናቷ እሷን ስትወልድ ስለሞተች ያሳደጓት አባቷ ጋሽ ተካልኝ ናቸው።

ጋሽ ተካልኝ ደብረ ዘይት የአውሮፕላን ሜካኒክ ነበሩ። ከክንፍ ላይ ወድቀው ወገባቸውን ከተጎዱ በኋላ በጡረታ ተገለሉ። አብዮቱ ሲመጣ ከሰፈራችን ፋብሪካዎች በአንዱ ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ወደ አገሩ ገባ፤ ሲሄድም ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሎ የቆመችውን ትንሽ የስፖርት መኪናውን ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አህያ አጠገቧ ብትቆም አህያዋ የምትበልጣት መኪና ነበረች።

ሌላ ሰው ቢሆን ጠግኖ ይሸጣት ነበር። ጋሽ ተካልኝ ግን አውሮፕላን ሊያስመስሏት ተነሱ። እሳቸው በወጣትነታቸው የሠሩባቸውን፣ ፕሮፔለራቸው አፍንጫቸው ላይ የሚሽከረከረውን የድሮዎቹን አውሮፕላኖች ነበር በልባቸው የያዙት። አራት ዓመት ፈጀባቸው። ሞተሯን ፈታተው መልሰው ገጠሙ። ዝገቷን ፍቀው በሮቿንና ጀርባዋን የአሉሚኒየም ላሜራ አለበሷት፤ ላሜራውንም እንደ አውሮፕላን ክንፍ በሪቬት ምስማር፣ አንድ በአንድ፣ ቀጥ ባለ መስመር ሰፉት። ከተጣሉ አውሮፕላኖች የተረፉ ክብ ክብ ጌጆችን ከመሪው ፊት ደረደሩ፤ ኮምፓስ፣ የፍጥነት መለኪያ፣ የከፍታ መለኪያ። ወንበሮቿን ባረጁ የአብራሪ ጃኬቶች ቆዳ ሸፈኑ። ቀለም ግን አልቀቧትም። «አሉሚኒየም የራሱ መልክ አለው፤ ምን ያስቀባዋል?» ይሉ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ፀዳለ በአመድና በሎሚ እንፈትጋታለን፤ ፊታችንን እስክናይባት ድረስ።

የከፍታ መለኪያው ይሠራል ሲሉን አላመንናቸውም። አንድ እሑድ ሁለታችንን በአንዱ ወንበር አጣብቀው ወደ ቱሉ ዲምቱ አቀበት ይዘውን ወጡ። ያኔ ኮንዶሚኒየም የለ፣ ምን የለ፤ ጤፍና ሽምብራ ብቻ ነበር። ነፋሱ ጸጉራችንን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ሞተሯ ከእግራችን ሥር ያጉረመርማል፣ የሞቀው ቆዳ ይሸታል። አቀበቱን ስንጨርስ መርፌዋ እንደ መንቃት ብላ ወደ ቀኝ ተንፏቀቀች። «አባባ፣ በረርን!» ብላ ፀዳለ ጮኸች። «በረርን» አሏት። አንድ አዋቂ ሰው እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። በዚያች ቅጽበት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከደስታዬ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር። የእኔ አባት የጨርቅ ኳስ እንኳ ሠርቶልኝ አያውቅም። የቀበሌ ጸሐፊ ነበር፤ ቤት ሲመጣ ማኅተሙን እንጂ እኛን አያይም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ይባላል። ከመጋዘን ሠራተኛነት ተነስቶ፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሽጉጥ ታጥቆ አገር ያስጨነቀ ሰው ነበር። የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ እያንዳንዱ ቀበሌ ለሰልፉ አንድ ትርዒት እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። ጎረቤት ቀበሌ ከእንጨት ትራክተር እየሠራ መሆኑን የሰማው ጓድ ደምሴ አባቴንና ሁለት አብዮት ጠባቂዎችን አስከትሎ ጋሽ ተካልኝ ግቢ መጣ። እኔና ፀዳለ መኪናዋን እየፈተግን ነበር።

«ይቺ የግል መጫወቻ መሆኗ ይብቃ» አለ። «ለሰፊው ሕዝብ ትውላለች። የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ጄት እናደርጋታለን።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ እኮ በድሮዎቹ ፕሮፔለሮች አምሳል የተሠራች ናት። ጄት አትመስልም» አሉ ጋሽ ተካልኝ።

«ታዲያ አንተ ሜካኒክ አይደለህም? አስመስላት!»

«አንተ» ሲላቸው ፀዳለ ወደ እኔ ዞረች። አባቷን በዚያ አጠራር የጠራ ወጣት ሰምታ አታውቅም። እኔ ቀና አላልኩም፤ መፈተጌን ቀጠልኩ።

ጋሽ ተካልኝ በገዛ እጃቸው ቀይ ቀለም ቀቧት። ፀዳለ ቆርቆሮውን ትይዝላቸዋለች፤ እሳቸው ብሩሹን ያጠልቃሉ። የሪቬቶቹ መስመር አንድ በአንድ ከቀለሙ ሥር ጠፋ። ከካርቶን ክንፍ ተቀጠለላት፤ በክንፉ ላይ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» ተጻፈ። አብራሪ ሲመረጥ ጓድ ደምሴ «ሴት ልጅ ትሁን፤ የሴቶች እኩልነት ይታይ» አለ። የቀበሌው የኪነት ቡድን ልጆች ሁሉ ወደ ፀዳለ ተመለከቱ። እሷም አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። ጓድ ደምሴ ግን አባቴን አየና «የጸሐፊያችን ልጅ ትሆናለች» አለ።

ተራው የእሷ እንደነበረ አውቃለሁ። አንድ ቃል ብናገር ምናልባት ይሰማኝ ነበር። እኔ ግን ሮጬ ተሳፈርኩ። አባቷ የሰጧትንና ከአልጋዋ በላይ ሰቅላ የምታኖረውን የአብራሪ የቆዳ ቆብ አብዮት ጠባቂዎቹ አስመጡና እኔ ራስ ላይ አጠለቁት። የፀዳለ ጸጉር ቅባት ይሸት ነበር። «ለአንድ ቀን እኮ ነው» አልኳት።

በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ለልክ ብለው መኪናዋ ላይ አቆሙኝ። ከእኔ ሌላ የነበሩት ጓድ ደምሴ፣ አባቴና ጋሽ ተካልኝ ብቻ ናቸው። ጓድ ደምሴ የጄት አፍንጫ ያስፈልጋታል ብሎ ከላሜራ የተሠራ ሹል ነገር አምጥቶ ፊቷ ላይ እንዲበየድ አዘዘ። ጋሽ ተካልኝ ላሜራውን አገላብጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አየር የምትስበው በዚህ ነው። ይሄን ከደፈንንባት ራዲያተሯ አይቀዘቅዝም። በዚያ ላይ በሰው እርምጃ ነው የምትሄደው። ኳስ ሜዳው ላይ ሳትደርስ ውሃዋ ይፈላል፤ ሞተሯ ይነክሳል። ቢያንስ ቀዳዳ እንተውላት።»

ጓድ ደምሴ ሳቀ። «ከፈላች ሰፊው ሕዝብ ይገፋታል!» አለ። አባቴም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቆቡ እቅፌ ውስጥ ነበር፤ ጆሮዬን የሸፈነው ነገር አልነበረም። እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ በቃሌ እደግማታለሁ።

አፍንጫው ተበየደ። ጓድ ደምሴ ይህም አልበቃውም፤ «ሽማግሌ የሚነዳው ጄት የት አለ?» ብሎ ሾፌሩ እንዳይታይ በመሪው በኩል ሸራ እንዲወጠር አደረገ። ጋሽ ተካልኝ በዚያ በታመመ ወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ በሸራው ላይ በተቀደደች አንዲት ቀዳዳ እያዩ ሊነዱ ሆነ።

በማግስቱ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይዋ ጠንክራ ወጣች። ጭቃው ይሸታል፤ አጥሩ ሥር አደይ አበባ ፈክቷል። ከባቡር ጣቢያው ተነስተን ወደ ኳስ ሜዳው ስንሄድ የኪነት ቡድኑ ከበሮ ከፊታችን፣ የፋብሪካው ሠራተኛ ከኋላችን ነው። እኔ የእንጨት ሣጥን ላይ ቆሜ፣ ቆቡን እስከ አገጬ አስሬ፣ መነጽሩን ግንባሬ ላይ አድርጌ እጄን አውለበልባለሁ። ጓድ ደምሴ እጄን ብዘረጋ በምነካው ርቀት ከመኪናዋ ጎን ይራመዳል። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያጨበጨቡልኝ የመጀመሪያ ቀን ነበር። አስተማሪዬ ሳትቀር አጨበጨበች።

ግማሽ መንገድ ስንደርስ ከሸራው ሥር ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ የሙቀት መርፌዋ ቀዩ ላይ ናት። ንገሪያቸው፤ ትንሽ እንቁምና ውሃ ላድርግባት።»

ሰማሁ። ግን የክብር እንግዶቹ የተቀመጡበት መድረክ ከሩቅ መታየት ጀምሮ ነበር። ብንቆም ሕዝቡ ሌላ ነገር ያያል።

«ልጄ፣ ትሰሚያለሽ? ንገሪው ለጓድ ደምሴ።»

እጄን ይበልጥ ከፍ አድርጌ አውለበለብኩ። ሦስተኛው ጊዜ አልተናገሩም፤ እጃቸውን ከሸራው ሥር ሰደው የቀሚሴን ጫፍ ጎተቱ። ወደ ታች ሳላይ እጃቸውን በጫማዬ መታሁት። ለቀቁኝ።

ልክ መድረኩ ፊት ስንደርስ ከአፍንጫዋ ሥር የሚያፏጭ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ አንድ ነገር ፈነዳና ነጭ እንፋሎት ሁላችንንም ዋጠን። ከሣጥኑ ላይ ዘልዬ ስወርድ የካርቶኑን ክንፍ ሰበርኩት። ከበሮው ቆመ። ጋሽ ተካልኝ ከሸራው ሥር እንደ ፍየል በአራት እግራቸው እየዳሁ ወጡ። አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሜዳው ሙሉ ሳቀ። እሳቸው ሳቁን አልሰሙትም። ሞተሯ ሳይነክስ ሊደርሱላት ሮጠው ያንን የላሜራ አፍንጫ በባዶ እጃቸው ገነጠሉት፤ ይሄኔ የፈላው ውሃ ቀኝ እጃቸው ላይ ተገነፈለ። ጩኸታቸው ከሳቁ ጋር ተቀላቀለ።

ከበላይ የመጣው እንግዳ አፉን በእጁ ከልሎ ፈገግ ሲል አየሁት። ጓድ ደምሴም አይቶታል። ጋሽ ተካልኝን ያሳሰራቸው ያ ፈገግታ ነው ብዬ ዛሬ አምናለሁ። «አሻጥር ነው! ያዙት!» ብሎ ጮኸ። አብዮት ጠባቂዎቹ የያዟቸው በተቃጠለው እጃቸው ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ስኳር በሚታደልበት አዳራሽ ተሰበሰበ። ጠዋት አባቴ ጫማውን እየቦረሸ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ከጠየቁሽ አልሰማሁም በይ» ብሎኝ ነበር። አላስፈራራኝም፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ጋሽ ተካልኝ እጃቸውን በሸሚዛቸው እጅጌ ጠቅልለው ቆሙ። ጓድ ደምሴ ማንም እንዳላስጠነቀቀው፣ እኚህ የአድኃሪው ሥርዓት አገልጋይ የሕዝቡን በዓል ለማክሸፍ ሆን ብለው እንዳደረጉት ተናገረ። የሸንጎው ሰብሳቢ ከፋብሪካው የተመረጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። መውጫ እየፈለጉላቸው እንደነበረ ያስታውቅ ነበር።

«አስጠንቅቄያለሁ ካሉ፣ የሰማ ምስክር አለዎት?» አሏቸው።

«ጸሐፊው ነበሩ» አሉ ጋሽ ተካልኝ።

አባቴ ቃለ ጉባኤውን እየጻፈ ነበር። ከወረቀቱ ቀና ሳይል «አላስታውስም» አለ።

«እንግዲያው ሕፃኗ ነበረች። ከልጄ ጋር ያደገች ናት፤ አትዋሽብኝም። እሷን ጠይቁልኝ።»

ፀዳለ በር ላይ ቆማ ነበር። ለአባቷ ያመጣችውን ምሳ በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። ሰብሳቢው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ጋሽ ተካልኝ መኪናዋ ትፈላለች ብለው ለጓድ ሊቀመንበር ሲነግሩ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም» አልኩ። ሰብሳቢው አሁንም ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ። «ቆቡ ጆሮዬን ሸፍኖት ነበር» ብዬ ጨመርኩ።

አልሰማሁም ማለትን አባቴ ነው ያስጠናኝ። ስለ ቆቡ የተናገርኩት ግን ከራሴ ያመጣሁት ነው። ጋሽ ተካልኝ ዋዜማውን ቆቡ እቅፌ ውስጥ እንደነበረ አይተዋል፤ ነገር ግን አልተከራከሩኝም። ረጅም ጊዜ አዩኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰባት ወር ተፈረደባቸው።

ማታ እራት ላይ እናቴ እንጀራውን አቅርባ ተቀመጠች። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አለች። ብዙ ጊዜ የምትለው ተረት ነው። የዚያን ቀን ግን እያየችኝ ነበር ያለችው።

በሳምንቱ ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ፀዳለ አጠገቤ መጣች። «ሰምተሻል፣ አይደል?» አለችኝ በሹክሹክታ። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። አዎ ብላት ለማንም የምትናገር አይመስለኝም፤ ለራሷ ብቻ ነበር የፈለገችው። ከኋላችን የቆሙት ልጆች ጆሯቸውን ሲያቆሙ አየሁ። ፈራሁ፤ ፍርሃቴም ወደ ክፋት ተለወጠ። «ከአሻጥረኛ ልጅ ጋር አላወራም!» ብዬ ጮህኩ። አንዷ ተቀበለችኝ፣ ሌላዋም ተከተለች፤ ወዲያው ወረፋው ሁሉ «የአሻጥረኛ ልጅ! የአሻጥረኛ ልጅ!» እያለ እንደ ዘፈን ያጨበጭብ ጀመር። ፀዳለ ግማሽ የተሞላ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች። ወሩ ሳያልቅ አክስቷ ከናዝሬት መጥታ ወሰደቻት።

መኪናዋ የቀበሌው ግቢ ውስጥ ቀረች። ዶሮዎች ወንበሯ ላይ ፈለፈሉ። ጌጆቿን ልጆች በድንጋይ አንድ በአንድ ሰበሯቸው፤ የከፍታ መለኪያዋን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። በኋላ የጭነት መኪና መጥቶ ከሌላ ቁርጥራጭ ብረት ጋር ጭኖ ለማቅለጫ ወሰዳት።

ጋሽ ተካልኝ ሲፈቱ ቀኝ እጃቸው አይጨበጥም ነበር። እስር ቤት ሳይታከም ድኖ ጣቶቹ እንደተጣበቁ ቀርተዋል። መፍቻ መያዝ ስላልቻሉ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። ጠዋት ጠዋት ከሥራ ሲመለሱ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ መንገድ ላይ እንገናኛለን። ሁልጊዜ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ። «እንዴት አደርሽ ልጄ? ትምህርት እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ ግራ እጃቸውን ዘርግተው። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ እንዲህ ሰላም አሉኝ። ቢተፉብኝ ይሻለኝ ነበር። አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ እኔም አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

ዘመኑ ሄደ። ጓድ ደምሴ መንግሥት ሲለወጥ የት እንደገባ ሳይታወቅ ጠፋ፤ አባቴም ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ሳንነጋገር ሞተ። የዘመኔ ሰዎች ስንገናኝ የልጅነት ወሬ አይጠፋም። ያ ፍቅር የት ሄደ፣ በአንድ ትሪ በልተን፣ በአንድ አጥር አድገን ይላሉ። አንድ ፎቅ ላይ እየኖረች የጎረቤቷን ስም ለማታውቀዋ የልጅ ልጄ ያዝኑላታል። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። በልቤ ግን አላዝንላትም። እኔ የጎረቤቴን ስም፣ የአባቷን ስም፣ ከአልጋዋ በላይ ምን እንደሰቀለች እንኳ አውቅ ነበር። ያወቅሁትን ሁሉ ምን እንዳደረግሁበት ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው። ለልጅ ልጄ ስለ ወንዙ ቀለም ነግሬያታለሁ፤ ስለ ሰኞ ማክሰኞም ነግሬያታለሁ። ሌላውን ገና አልነገርኳትም።

የዛሬ አሥር ዓመት ግድም ጋሽ ተካልኝ አረፉ። ለቅሶ ስደርስ ፀዳለ ድንኳኑ ውስጥ ጥቁር ነጠላ ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። ጸጉሯ ሸብቷል። አወቀችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኩና መነሳት ሲገባኝ አልተነሳሁም።

«ፀዳለ፣ ያኔ ሰምቼ ነበር» አልኳት። «ዋዜማውንም፣ ሰልፉ ላይም።»

«አውቃለሁ» አለች። «አባባ ከእስር ሲወጣ ነግሮኛል። ሰምታለች፣ ግን ልጅ ናት፣ እንዳትቀየሚያት አለኝ።»

ከድንኳኑ ውጭ የቃሊቲ ከባድ መኪናዎች ያጓራሉ። እኔ የምጠብቀው ቀጣዩን ቃል ነበር፤ ለዚያች ቃል ሠላሳ ዓመት ያህል ተዘጋጅቻለሁ።

«እኔም እኮ ልጅ ነበርኩ» አለች።

ከዚያ ተራ ይዘው የቆሙትን ለቀስተኞች በዓይኗ አሳየችኝ። ተነስቼ ቦታውን ለቀቅሁ።